አባቴ የሞላው ቅጽ

አባቴ ለራሱ ጉዳይ ቢሮ ደጃፍ ቆሞ አላየሁትም። ለሰው ጉዳይ ግን ዕድሜውን ሙሉ ቆሟል። በወጣትነቱ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ክፍል ጸሐፊ ነበር፤ በኋላ ትራንዚተር ሆነ፤ ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ሲያዝ ወረቀቱን ይዞ የሚሮጠው እሱ ነበር። ፈረንሳይኛ ከካቶሊክ መነኮሳት ተምሯል፤ ሶማሊኛና ኦሮምኛ ከመንገድ ለቅሟል፤ ዓረብኛው ለሰላምታና ለጠብ ይበቃው ነበር። የከዚራ ሰፈር ግሪኮችና አርመኖች፣ የመጋላ ሰፈር የመናዊ ነጋዴዎች፣ አማርኛ እንደልብ የማይሆንላቸው የሰፈራችን ሶማሌዎች፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት የሚገቡት አባቴን ይዘው ነበር። ሰው ጉዳይ አስፈጻሚ ይለዋል። እሱ ስሙን አይወደውም። «ጉዳይ አስፈጻሚ ጉቦ የሚሰጥ ነው፤ እኔ የምናገር ነኝ» ይላል።

እሱና የእሱ ዘመን ሰዎች አንድ ወግ ነበራቸው። ስለ ሌላ ሰው ቢሮ ሲገቡ «የእገሌ ጉዳይ ነው» አይሉም። «ጉዳዩ የኔ ነው» ነው የሚሉት። ባለጉዳዩ እዚያው ጥግ ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እየታየ፣ አባቴ «ጉዳዩ የኔ ነው ጌታዬ» ይላል፤ ሹሙም ዓይኑን ከአባቴ ሳይነቅል ይመልሳል። ውሸት አይደለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ይህን ሰው ብታስቀይም እኔን አስቀየምክ ማለት ነው። ድሬዳዋ በዚህ ወግ ነበር የምትሠራው። ማን የአገር ሰው ነው፣ ማን የውጭ ነው ብሎ የሚመረምርም ብዙ አልነበረም። አንዱ ወንድም እዚህ ሱቅ ይከፍታል፣ ሌላው ጅቡቲ፣ እህታቸው ሐርጌሳ ታገባለች፤ ባቡሩ ያገናኛቸዋል።

ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካለፈ በኋላ ግን መመርመር ተጀመረ። እኔ ያን ጊዜ የቀበሌያችን ታይፒስት ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጣቴ ፈጣን፣ ምላሴ ከጣቴ የፈጠነ። ሊቀመንበራችን ከአብዮቱ በፊት ብስክሌት ያከራይ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ ሰው ሲያናግር ብስክሌቱን ሰብረው የመለሱለት ይመስል ከላይ እስከ ታች ይመረምራል። መጀመሪያ የመጣው የቤተሰብ ቅጽ ነበር። የቀበሌው ነዋሪ ሁሉ እየተጠራ ስሙን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ቁጥር፣ በመጨረሻም «በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ» የሚለውን ይናገራል፤ እኔ አትማለሁ፤ እሱ ይፈርማል።

ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖር አንድ ሶማሌ ጎረቤት ነበረን፤ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ቀፊራ ገበያ ዳር ሱቅ አለው። በእነሱ ቋንቋ የአባት ወንድም «አደር» ስለሚባል እኛም ከሕፃንነታችን ጀምሮ አደር ነበር የምንለው። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔንም «አንተ» ይለኛል፤ እንዲያርመው ፈልጌም አላውቅም። በተራው መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ከኋላዬ ቆሟል። «በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ አለ?» አልኩት።

«ወላሂ፣ ማንም የለኝም» አለ፣ ፊቱ ሳይለወጥ።

ወንድሙ ጅቡቲ እንዳለ እኔ አውቃለሁ። በየዓመቱ በባቡር ይመጣ ነበር፤ እኛም ቤት ብስኩት ይልካል፤ ለእኔ አንድ ጊዜ ሐር ሻሽ አምጥቶልኛል። «የለም» ብዬ አተምኩ። ደስ እያለኝ ነበር ያተምኩት፤ ከሊቀመንበሩ አፍንጫ ሥር ሰው ያዳንኩ መስሎኝ። አደር ሲወጣ ቅንድቡን ትንሽ ነቅነቅ አደረገልኝ፤ እኔም ሳቄን ዋጥኩት።

ወራት አልፈው ሁለተኛው መመሪያ መጣ። ለውጭ ሰው ወይም ለውጭ ድርጅት ጉዳይ ያስፈጸመ፣ ደብዳቤ የተረጎመ፣ ስለ እነሱ መሥሪያ ቤት ሄዶ የተናገረ ሁሉ ራሱን ያስመዝግብ ይላል። ቅጹ አምስት ዓምድ ነበረው፤ የውጭው ሰው ወይም ድርጅት ስም፣ የሚኖርበት አገር፣ የተጠየቀው ነገር፣ የተነጋገረው ሹም፣ በአገር ውስጥ ያለ ዘመዱ። ሳይናገር የቀረ ለጠላት እንደሠራ ይቆጠራል። ሊቀመንበሩ ይህን የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ አነበበልን፤ ሦስተኛው ላይ እኔን እያየ ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃላ።

ለአባቴ ስነግረው ይደነግጣል ብዬ ነበር። ደስ አለው! «ጥሩ ሕግ ነው» አለ። «ስለ ሰው የሚናገር ስለ ማን እንደሚናገር ይናገር። ፈረንጆቹም ዘንድ አለ አሉ። ሹሙ የሚሰማው ቃል ከማን ኪስ እንደወጣ ማወቅ የለበትም? ስንቱ ሌባ በኔ ሥራ ሲነግድ ኖሯል!» ስለ ሕጉ ተሳስቷል ብዬ ዛሬም አልከራከርም። ሕጉ ብቻውን ቢታይ ክፉ አልነበረም። አባቴ ያላሰበው ወረቀቱ ገብቶ የሚቀመጥበትን ቁም ሳጥን፣ ቁልፉንም የያዘውን ሰው ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢያችን ካለው ኒም ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አወጣን። እሱ ይናገራል፣ እኔ በእጅ እጽፋለሁ፤ ቢሮ ወስጄ አትመዋለሁ። ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ መተው ለእሱ ያለ ቀበቶ ሱሪ እንደመልበስ ነው። ፋብሪካው የተወረሰበትን ግሪክ አስጻፈ፤ መውጫ ቪዛ እንዲያገኝ ስንት ደጅ እንደጠናለት፣ የትኛው ሹም እንዴት እንዳመላለሰው። አርመኗን አሮጊት አስጻፈ። የመናዊውን የቡና ነጋዴ አስጻፈ። እያንዳንዱን ሲጨርስ ፊቱ ላይ ኩራት ነበር። እኔ ደግሞ እጄ እየደከመ «አባባ አሳጥረው እንጂ፣ ገድል እኮ አይደለም» እለዋለሁ።

ከዚያ «የልጅቱስ ነገር?» አለኝ።

የትኛዋ ልጅ እንደሆነች ገባኝ። ከጦርነቱ በፊት የአደር ሴት ልጅ ዓይኗን ታማ ነበር፤ ልትታወር ተቃርባ። ጅቡቲ ያለው አጎቷ እኔ አሳክማታለሁ፣ በባቡር ትምጣልኝ ብሎ ለባለሥልጣን በፈረንሳይኛ ደብዳቤ ላከ። አባቴ ተረጎመው፣ ይዞት ገባ፣ «ወኪል» ብሎ ፈረመበት፣ ፈቃዱ ወጣ። ልጅቱ ሄዳ ዓይኗ ድኖ ተመለሰች። አባቴ በዕድሜው ከሠራው ሁሉ በዚህ ይበልጥ ይኮራ ነበር።

«ደብዳቤውን የጻፈው ጅቡቲ የሚኖር ሰው ነው» አለ። «ፊርማዬ ያለበት ወረቀት እነሱ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ብተወው ደበቀ ይሉኛል። ብጽፈው ደግሞ… ምን አለው? የታመመች ልጅ ናት። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው።»

አባቴ የአደርን የቤተሰብ ቅጽ አያውቅም። «የለም» የተባለውን የማውቀው እኔ ነኝ። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቢውሉ ምን እንደሚሆን በዚያች ደቂቃ ወለል ብሎ ታየኝ፤ አልታየኝም ብል እዋሻለሁ። በዚያን ጊዜ ጅቡቲ ወንድም ያለው ሁሉ አልታሰረም፤ ወንድሙን የካደ ግን ሰርጎ ገብ ያሰማራ ነው የሚባለው። ግን አባቴም ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ መልሴን ይጠብቃል። ፈራሁለት። እንደዚያ ቀን ለሰው ፈርቼ አላውቅም።

«ጻፈው አባባ» አልኩት። «ፊርማህ ካለበት ጻፈው።»

በልቤ መላ ዘይጄ ነበር። ቅጹን የማስረክበው ሐሙስ ነው። እስከዚያ ለአደር እነግረዋለሁ፤ እሱ ራሱ ቢሮ መጥቶ «ረስቼ ነው፣ አንድ ወንድም አለኝ» ይላል፤ ሊቀመንበሩ ትንሽ ይጮህበታል፤ አዲስ ቅጽ አትምለታለሁ። ይኸው ነው። ሦስት ሙሉ ቀን አለኝ።

ሰኞ ከሰዓት ሱቁ ሄድኩ። እንደ ልማዱ ጫቱን ጎኑ አድርጎ ትራስ ላይ ጋደም ብሏል፤ ሻይ በቅርንፉድ ቀዳልኝ። «አቦ፣ ለጋብቻ የሚሆን ጨርቅ ፈልገህ ነው የመጣኸው? ማን ነው ሰውዬው? ደመወዝ አለው?» ብሎ ያሾፍብኝ ጀመር። ሳቅኩ። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ማክሰኞም ሄድኩ፤ ገዢ ነበር። ያልተናገርኩት ገዢ ስለነበረ አይደለም። ልናገረው የሚገባኝ ቃል ተራ ነው፤ «አባቴ የወንድምህን ስም ጽፎታል፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።» ይህን ስለው ያ ቅንድቡን የነቀነቀልኝ ሰው እንዴት እንደሚያየኝ አሰብኩ። «አንተ ለኔ የለም ብለህ፣ ለአባትህ አለ ብለህ?» ይለኛል። አፈርኩ። ሰው ሞቱን ይፈራል ይባላል እንጂ እኔ የፈራሁት ዓይን ነበር።

ረቡዕ እንደምንም አፌን ከፈትኩ። «አደር፣ ያ ቢሮ የሞላኸው ቅጽ…» አልኩ።

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። በሩን አየ። «የቱ ቅጽ? ተወኝ አቦ! አለቀ እኮ እሱ። እናንተ አማሮች ዝም አይነቅዝም ትሉ የለም?» አለና የሚለካበትን ሜትር አንስቶ ያልተገዛ ጨርቅ መለካት ጀመረ። ፈርቷል። እኔም ሲቆጣኝ ጊዜ ቀለለኝ፤ እንቢ ያለው እሱ ነው ብዬ ለራሴ መናገር ቻልኩ። ሐሙስ ጠዋት የአባቴን ቅጽ በካርቦን ሦስት ኮፒ አትሜ፣ አምስተኛው ዓምድ ላይ የአደርን ስም ሳላሳስት ጽፌ፣ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። በእጅ የጻፍኩት ሦስት ቀን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ልቀደው እችል ነበር፣ ጠፋ ልል እችል ነበር፣ ያቺን አንድ መስመር ልዘል እችል ነበር። ማንም ጠመንጃ አልደቀነብኝም።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ በቀትር ወታደሮች አደር ቤት መጡ። በዚያ ሰዓት ድሬ ከሙቀቱ የተነሳ በሯን ዘግታ ትጋደማለች፤ መንገዱ ላይ ፍየል እንኳ የለም። አደር በሽርጥና በካናቴራ ነበር። ሸሚዝ ልልበስ አለ፤ አልፈቀዱለትም። መኪናው ላይ ሲያወጡት በሶማሊኛ ለሚስቱ ጮኸ። ሶማሊኛዬ ያን ያህል ባይሆንም ይህን ግን ለመስማት ይበቃል፤ «ሂጂና ለጎረቤታችን ንገሪው፣ እሱ ይናገርልኛል» ነበር ያለው።

ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ መንገዱን ተሻግራ መጣች። አባቴ ያለምንም ጥያቄ ኮቱን ለበሰ። በዚያ ሙቀት ኮት! ስለ ሰው ሲናገር ያለ ኮት አይሄድም።

አደር ወደታሰረበት ቦታ አራት ቀን ተመላለሰ። በሩ ላይ ያሉት ወታደሮች «የማን ጉዳይ ነው?» ሲሉት «ጉዳዩ የኔ ነው» ይላል፤ ይስቁበታል። «ሽማግሌው፣ የሱ ጉዳይ ያንተ ከሆነማ አንተም ግባ ከሱ ጋር» አሉት። «አስገቡኝ» አላቸው። በአምስተኛው ቀን አንድ ወጣት መኮንን አስጠርቶ አስቀመጠው፤ ውሃ አስመጣለት፤ «አባት» ብሎ ጠራው። ከዚያ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አሰለፈለት። አንዱ የአደር የቤተሰብ ቅጽ ነው፤ «በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ፣ የለም» ይላል። ሌላው የራሱ የአባቴ ነው፤ ግሪኩ፣ አርመኗ፣ የመናዊው፣ ከእነሱ ሥር የአደር ወንድም በሙሉ ስሙ። «እርስዎን የመሰለ እውነተኛ ሰው ባይኖር በምን እናውቅ ነበር?» አለውና እጁን ጨበጠው።

አባቴ ይህን የነገረኝ ቆሞ ነው። ኮቱን አላወለቀም። ላቡ ከአንገቱ ወደ ኮሌታው ይወርዳል።

«ሁለቱንም ያተምሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። አልጮኸም። «የሱን ቅጽ ታውቂ ነበር?»

ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን ልናገር እችል ነበር። «አውቅ ነበር አባባ፤ ፈርቼልህ ነው» ብለው ምን ያደርገኝ ነበር? ምንም አያደርገኝም። ያለቅስ ነበር፤ ከእኔ ጋር ሆኖ ነበር የሚያለቅሰው።

«ስንት መቶ ቅጽ ነው የማትመው» አልኩት። «አላስታወስኩትም። ከየት ላስታውስ?»

አመነኝ። ዋሽቼው ስለማላውቅ አመነኝ። ራሱን ነቀነቀ፤ «እንግዲያስ እኔ ብቻ ነኝ» አለ። ከዚያ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ። የት እንደሚሄድ ገብቶኛል። ልከተለው ይገባ ነበር። የግቢያችን በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

የአደር ሚስት በሯ ላይ ወጣች። አባቴ በአማርኛ ነገራት። አልገባትም፤ ወይም እንዳይገባት ፈለገች፤ በሶማሊኛ ድገመው አለችው። ስንቱን ሹም፣ ስንቱን ነጋዴ ያግባባ ሰው ያችን ጥቂት ቃል በሶማሊኛ ለማዋቀር ተንገዳገደ፤ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» የምትለዋን ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ አቆማት። በሦስተኛው ተናገራት። ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልሰደበችውም። ገባችና በሩን ዘጋች። እሱ ግን የተዘጋው በር ፊት ለፊት ኮቱን እንደለበሰ ብዙ ቆመ።

አደር ሐረር ተወስዷል ተባለ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ። አንድ ቀን ሽርጡንና ካናቴራውን በጋዜጣ ጠቅልለው ለሚስቱ መለሱላት፤ ሌላ ቃል አልተነገራትም፤ እሷም የሚጠይቅላት አፍ አልነበራትም። አባቴ ከዚያ በኋላ ስለማንም አልተናገረም። ሰዎች እንደ ልማዳቸው ወረቀት ይዘው ሲመጡ «ጆሮዬ ከድቶኛል፣ ሹሙ የሚለው አይሰማኝም» ብሎ ይመልሳቸዋል። ጆሮው ደህና ነበር። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቆምና የአደር ሚስት ስትወጣ በሶማሊኛ «እንዴት አደርሽ» ይላታል። አትመልስለትም። እስኪሞት ድረስ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ሰላም አላት፤ አንድም ቀን አልመለሰችለትም።

እኔን ግን ትወደኛለች። ይህን ለመጻፍ እጄን የያዘኝ ሌላው ሁሉ አይደለም፣ ይኼ ነው። መንገድ ላይ ስታገኘኝ አንገቴን አቅፋ ትስመኛለች። «አንተ ምን ታደርግ፣ ያዘዙህን ነው የምታትም» ትለኛለች፣ በባሏ አማርኛ። አንድም ቀን አፏን ይዤ ዝም በይ አላልኳትም።

አደር በተወሰደ ዓመት በኢድ ዕለት፣ ያቺ ዓይኗ የዳነላት ልጅ በሳህን ሐልዋ ይዛ መጣች። ሥጋቸውን እንደማንበላ ስለሚያውቁ ለእኛ ሁልጊዜ ጣፋጭ ነበር የሚልኩት። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ልጅቱ በአጠገቡ አልፋ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታየው፣ ሳህኑን በእኔ እጅ ላይ አስቀመጠች፤ «እማዬ ላንቺ ብቻ ነው ብላለች» አለች።

እሷ ስትወጣ ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። አባቴ ሰምቷል። ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ እንዲያውም ለእኔ ያዘነልኝ መሰለ።

«ብዪ እንጂ ልጄ» አለኝ። «አንቺ ምን አደረግሽ?»

አጠገቡ ተቀምጬ በላሁት።